የተገነዙት የጎመን ትሎች

«የሞተ ነገር ይቃጠላል እንዴ?» አለ ደርበው የቅርጫቱን አንድ ጆሮ ጨብጦ።

«ታዲያ ነፍስ ያለውን ላቃጥልልህ?» አለች ሚስቱ ደጊቱ ሌላውን ጆሮ ሳትለቅ።

«አታላግጪ ደጊቱ። ሟች ይከበራል።»

ደጊቱ ይህን ስትሰማ ልቧ ራራ። ባሏ አባቱን ከቀበረ ገና ሁለት ሳምንቱ ነው። ዕለቱ ሕዳር ሚካኤል ነውና በየደጁ ጥራጊ ተከምሮ ይጨሳል፤ እሷም ከጓሮ የሸመጠጠችውን የተበላሸ የጎመን ቅጠል ልታቃጥል ስትወጣ የአማቿን አሮጌ ሰሌን አስቀድማ ክምሩ ላይ ጥላው ነበር። የተቆጣው በእሱ ነው ብላ ቅርጫቱን ለቀቀችና ሰሌኑን ጎትታ አወጣችው፤ አራግፋም ሰጠችው።

«እንካ። ቁንጫው ቢበላህ ግን እኔ የለሁበትም።»

«ሰሌኑን ማን አለሽ? ሰሌኑ ይቃጠል።»

«ታዲያ ሟች የምትለው ማንን ነው?»

ደርበው ከቅርጫቱ አንድ ቅጠል አነሣና ገለበጠላት። በቅጠሉ ሆድ ላይ የገብስ ቅንጣት የሚያህሉ ነጫጭ ነገሮች ተለጥፈዋል። ጠጋ ብሎ ላያቸው እያንዳንዳቸው ከሸረሪት ድር በሳሳ ነጭ ነገር ከራስ እስከ እግር የተጠቀለሉ ትሎች ናቸው።

«እነዚህን ነዋ። ተገንዘዋል እኮ፤ አታዪም?»

ደጊቱ ቅጠሉን አየች። ባሏንም አየች። ከዚያ ሰሌኑን መልሳ ክምሩ ላይ ወረወረችው።

ነገሩ እዚህ የደረሰው እንዲህ ነው። ደርበው ከዘንገና ሐይቅ ወደ እንጅባራ በሚወስደው የእግር መንገድ ዳር የሚኖር፣ አርባ አምስት ዓመት የሞላው፣ ለሥራ የማይሰንፍ፣ ለሐሳብ ግን እንደ እሱ ያለ ቸር የሌለ ሰው ነው። ማንም የነገረውን ሐሳብ ሳያንገራግር ይቀበላል፤ ችግሩ ቀድሞ የተቀበለውን አለማስወጣቱ ነው። በሃምሳ ስድስት ዓመተ ምሕረት ጥቅምት ሃያ ስምንት ቀን አባቱ አቶ አየነው ሲያርፉ ከመሬቱና ከከብቱ ሌላ በመስከረም በገዛ እጃቸው የተከሉትን የጎመን መደብ ትተውለት ሄዱ። ሽማግሌው አልጋ ላይ ከዋሉ በኋላ ስለ በሬዎቹ አንድም ቃል አልተናገሩም፤ ስለ ፈረሱም ያው። ቀን ከሌት የሚያነሡት ጎመኑን ነበር። «ለነቢያት ጾም ትደርሳለች» ይሉ ነበር፣ ስለ ሴት ልጅ እንደሚናገር ሰው። «ጎረቤት ሁሉ ይቅመሳት።»

አርባቸው ታኅሣሥ ሰባት ላይ ይውላል፤ ታኅሣሥ ሰባት ደግሞ ጾም ነው። በግ አይታረድ፣ ቅቤ አይነጠር። የተዝካሩ ማዕድ ሽሮ፣ ድንችና ጎመን መሆኑ ነው። ድንች በዚያ አገር የማንም ጓሮ ያበቅለዋል፤ ሽሮም በየቤቱ አለ። ደርበው በልቡ የያዘው ጎመኑን ነበር። ካህናቱና ዘመድ አዝማዱ ከሟቹ እጅ ሥራ እየጎረሱ «ነፍስ ይማር» እንዲሉለት ነበር ምኞቱ። ይህን ለደጊቱ ሲነግራት ድምፁ ተቆራርጦበት ስለ ነበር፣ እሷም ያን ዕለት ሙሉ ቀን ሳትተርበው ውላለች።

ለቅሶ ደራሹ ቀነስ ሲል፣ በቀብሩ በአምስተኛው ቀን ወደ ጓሮ ወጣ። ጎመኑ ወንፊት ሆኗል። በየቅጠሉ ሥር ከስንዴ ቅንጣት ዘለግ የሚሉ አረንጓዴ ትሎች ይርመሰመሳሉ። ሲነኳቸው ወደ ኋላ እየተወራጩ በቀጭን ክር ተንጠልጥለው ይወርዳሉ፤ የነካቸው ሰው ዞር ሲል በዚያችው ክር ተመልሰው ወጥተው ካቆሙበት ይቀጥላሉ። ደርበው አመድ ነሰነሰባቸው፤ አመዱን ትተው ቅጠሉን በሉ። የከብት ሽንት ረጨባቸው፤ ከሽታው የተነሣ ከጓሮ የሸሸው እሱ ራሱ ነው። በመጨረሻ ሕዳር ስድስት ቀን መደቡ አጠገብ ቆሞ ተሳለ።

«ቅዱስ ሚካኤል፣ ትሉን ከአባቴ ጎመን ላይ አንሣልኝና ለክብርህ ጃንጥላ አስገባለሁ።»

በዚያው ዕለት ንስሐ አባቱ ቄስ ገብረ ማርያም ጠበል ይዘው መጡ። ጸለዩ፤ መደቡን እየዞሩ ረጩ፤ ለሽማግሌውም ነፍስ አንድ ጊዜ አቡነ ዘበሰማያት ደግመው ሄዱ።

በሦስተኛው ቀን ትሉ መብላቱን አቆመ። ደርበው ቅጠል ሲገለብጥ ነጭ ለብሰው ተኝተው አገኛቸው፤ ሌላ ሲገለብጥም እንደዚያው። ገና ከዐሥር ቀን ያህል በፊት አባቱን ነጭ ለብሰው ያየ ሰው ነውና ስሙን ለማግኘት አልተቸገረም። ሮጦ ጎረቤቱን በዛብህን ጠራው። በዛብህ ከደብረ ማርቆስ በኩል መጥቶ እዚያ የከተመ፣ ከመጣ በሃያ ዓመቱ እንኳ አገውኛ ከሰላምታ ያላለፈለት፣ የማያውቀውን ነገር ግን ጎንበስ ብሎ የሚመረምር ሰው ነው።

«ሞተዋል ነው የምትለኝ?» አለ በዛብህ።

«ሞተው ብቻ? ተገንዘው እኮ ነው።»

«ማን ገነዛቸው?»

ደርበው ቀና ብሎ ወደ ሰማይ አየ። በዛብህም አብሮት ቀና አለ። ሰማዩ ላይ የነበረው ደመና ብቻ ነው።

በማግሥቱ ደርበው ፈረሱን ጭኖ ወደ ዳንግላ ወረደ፤ ዘርፉ ወርቅማ የሆነ ቀይ ጃንጥላም ገዛ። ሲመለስ መንገድ ላይ ያለ ወሩ የመጣ ዝናብ ያዘው። ያን ጊዜ የሆነውን ለማንም አልተናገረም፤ ለደጊቱም ቢሆን። ጃንጥላው ተጣጥፎ ቢርስ ይበሰብሳል ብሎ አሰበና ዘረጋው። የተዘረጋ ጃንጥላ መቼም መያዣው ሥር ሰው መኖሩ አይቀርም። ዝናቡ እስኪያባራ አንድ ሰዓት ያህል እሱ፣ የፈረሱ ግማሽና ኮርቻው በቅዱስ ሚካኤል ጃንጥላ ሥር ተጓዙ።

በበዓሉ ዕለት ጃንጥላው በእልልታ ገባ። ደርበው ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ነው እንግዲህ ደጊቱን ከነቅርጫቷ እሳቱ አጠገብ ያገኛት።

ክርክሩ ብዙ አልቆየም። ደርበው ቅርጫቱን አነሣ። መቃብር መቆፈሩ እንደሚበዛ ለራሱም ታውቆት ስለ ነበር፣ ቅጠሉን ወስዶ ከጎመኑ ግርጌ በቀርቀሃው አጥር ጥላ ሥር አስተኝቶ ጭድ አለበሰው። ተክሉ ላይ ያሉትንም ማንም እንዳይነካቸው ከለከለ። ያን ቀን ከየቤቱ የሕዳር ጭስ ሲነሣ ዋለ፤ የደርበው ጎመን ብቻ ንጹሕ አየር እየሳበ ዋለ።

«እኔ ጎመን ያበላሸ ነገር ሲከበር ያየሁት አንተ ዘንድ ነው» አለች ደጊቱ።

«የተቀጣን ደግሞ መቅጣት ግፍ ነው» አላት።

ጾሙ ገባ። ጎመኑ መሐል መሐሉን አዲስ ቅጠል አወጣ፤ የደርበውም ፊት አብሮ ለመለመ። ሕዳር አሥራ ስምንት ቀን አመሻሽ ላይ ለራት የሚሆን ሊቀነጥስ ወደ ጓሮ ገባ። እጁ የመጀመሪያውን ቅጠል ሲነካው ከሥሩ አመድ የመሰለ ነገር ብን ብሎ ተነሣ። ሁለተኛውን ሲነካ ከሱም ተነሣ። የትንሽ ጣት ጥፍር እንኳ የማያህሉ፣ ግራጫ፣ ጀርባቸው ላይ ነጣ ያለ ጥለት የተጣለባቸው በራሪዎች ናቸው። ትንሽ በረው ደግሞ ሌላ ጎመን ላይ ያርፋሉ። ደርበው ሲበሉ ለመያዝ ብሎ ብዙ ቆሞ ተመለከታቸው፤ አንዳቸውም ቅጠል አልቀመሱም። ቅጠል የማይበላ ፍጥረት ጎመን ላይ ምን ሥራ አለው ብሎ ትቷቸው ሟቾቹን ሊጎበኝ ቅጠሉን ገለበጠ።

ወደ ቤት የገባው ባዶ እጁን ነው።

«ደጊቱ፣ ግንዙ ባዶ ነው።»

«ወዴት ሄዱ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ።»

«ዘመዳቸው አንተ አይደለህ እንዴ? ለማን ይንገሩ?»

ደርበው ሌሊቱን ሲገላበጥ አደረ። ወፍ በልቷቸው ይሆናል እንዳይል ግንዙ አልተቀደደም፤ አንዱ ጫፉ ብቻ ተከፍቷል፣ ልክ ልብሱን አውልቆ አስቀምጦ እንደ ሄደ ሰው። ቅዱስ ሚካኤል ፈጽሞ አነሣቸው እንዳይል፣ ቅዱስ ሚካኤል ልብሳቸውን ለምን ይተዋል? ሲነጋጋ ግን አንድ ነገር ላይ አረፈ፤ ትሉ ሄዷል። የተሳለው ትሉ እንዲሄድ ነው። የቀረውን መመርመር የሱ ሥራ አይደለም። በዚህ ሐሳብ ዐሥር ቀን ያህል በሰላም ኖረ።

ሕዳር ሃያ ስምንት ቀን ጎመኑ እንደገና ተበሳስቶ ተገኘ። ትሎቹ አሁን ከበፊቶቹ ያንሳሉ፤ ቁጥራቸው ግን ስፍር የለውም። ለተዝካሩ የቀረው ዘጠኝ ቀን ነው።

ደርበው መደቡ ጠርዝ ላይ ቁጭ አለ። የሚያውቀው ሁሉ እርስ በርሱ ተጋጨበት። ስለቱ ደርሷል፣ ጃንጥላው ገብቷል፣ ትሉ ሞቷል፣ ተገንዟል፣ ሄዷል፣ ይኸውና ተመልሷል። ስለት ካልተከፈለ ነው እንጂ ተከፍሎ የሚመለስ መቅሠፍት ምን ይባላል? እንዲህ ሲያወጣና ሲያወርድ በመጨረሻ ያ ዝናብ ትዝ አለው። በመልአኩ ጃንጥላ ጥላ ሥር ራሱን ብቻ ሳይሆን ፈረስ ጭምር አስጠልሏል። ከአባቱ ማዕድ ላይ ጎመን የሚጠፋው በእሱ ጠንቅ መሆኑ ነው።

ከአምስት ቀን በኋላ ከእርሻ መሥሪያ ቤት የተላከ አስማረ የሚባል ወጣት ድንች ሊያይ በበቅሎ ወደዚያ ሰፈር መጣ። ካኪ ኮት የለበሰ፣ ትሑት፣ አገውኛ የማይሰማ ልጅ ነው። ድንቹን አይቶ ሲጨርስ ደርበው እጁን ይዞ ወደ ጎመኑ ወሰደው። አስማረ ኮቱን ሰብስቦ ተንበረከከና ከኪሱ ማጉያ መነጽር አወጣ።

«ይዩ ጋሼ ደርበው። እቺ ነጥብ የምትመስለው እንቁላል ናት።»

ደርበው ዓይኑን መነጽሩ ላይ ተከለ። አንድ ቢጫ ነገር አየ፤ እንቁላል ይሁን የራሱ ሽፋሽፍት አልለየውም። «አየሁ» አለ።

«ከሷ ይኸ ትል ይፈለፈላል። ይበላል፤ ሲጠግብ ይህን ድር በራሱ ላይ ይፈትላል።»

«በራሱ ላይ?»

«አዎ፣ በገዛ አፉ።»

«ሳይሞት?»

«ሳይሞት። ውስጥ ሆኖ ይለወጣል፣ ክንፍ ያወጣል፣ ከዚያ ይህን ሆኖ ይመጣል።» አስማረ ተክሉን ነቅነቅ ሲያደርገው አንዲት ግራጫ በራሪ ከአፍንጫቸው ሥር ተነሣች። «የእሳት እራት ናት። እሷ ቅጠል አትነካም። እንቁላሏን ቅጠሉ ላይ ጣል ጣል አድርጋ ትሞታለች። ጫግኒ ቢሆን ይህ ሁሉ በሦስት ሳምንት ይዞር ነበር፤ እዚህ ብርድ ስለሆነ አንድ ወር ያህል ይፈጅበታል። ከዚያ እንደገና ነው።»

«እንደገና ምን?»

«እንደገና ትል።»

ደርበው በጣቱ አየር ላይ ክብ ሠራ፤ ግማሽ ላይ ሲደርስ ጠፋበትና እንደገና ጀመረ።

«ጌታዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ» አለ። «ትሉ ሲገነዝ፣ የሞተው ታዲያ ማን ነው?»

«ማንም አልሞተም ጋሼ።»

«ማንም ካልሞተ እኔ ጃንጥላ ያስገባሁት ለምንድን ነው?»

አስማረ ነገሩ አልገባውም ነበርና ደርበው ከስለቱ ጀምሮ አስረዳው፤ ዝናቡን ብቻ ዘለለው። ልጁ መነጽሩን በመሐረብ እየወለወለ በጥሞና ሰማ።

«እሱ በእኛ መሥሪያ ቤት አይታይም ጋሼ» አለ በመጨረሻ።

እስከዚህ ድረስ አጥሩን ተደግፋ ዝም ያለችው ደጊቱ አሁን ጠጋ አለች። «እኔም አንድ ልጠይቅ። ነጭ ለብሰው የተኙ ጊዜ ቢቃጠሉ ኖሮስ?»

«ያን ጊዜ ቢቃጠሉ ኖሮማ ዛሬ እዚህ የምናየው ነገር ባልኖረ።»

ደጊቱ ወደ ባሏ ዞረችና በአገውኛ ጥቂት ተናገረች። ጥቂት ያልነው በቃሉ ብዛት ነው እንጂ ክብደቱስ ደኅና ነበር። አስማረ ፈገግ ብሎ ምን እንዳለች ደርበውን ጠየቀው።

«ለሥራዎ እያመሰገነችዎ ነው» አለ ደርበው።

አስማረ ከሌሎቹ ዘግይቶ ገና ያልተከፈተ አንድ ግንዝ ከነቅጠሉ ቆርጦ ጠርሙስ ውስጥ አደረገለትና አፉን በጨርቅ አስሮ ሰጠው። «ሁለት ሦስት ቀን ይጠብቁት፤ በዓይንዎ ያዩታል» አለው። ደርበውም ለተዝካሩ ጠራው። ልጁ ሊሄድ በቅሎው ላይ ከወጣ በኋላ ደርበው ልጓሙን ይዞ አንድ ጥያቄ ጨመረለት፤ ካለፈው ሁሉ ይልቅ ይህቺ ነበረች ጉሮሮው ላይ የተሰነቀረችው።

«ትል ሥጋ ነው ወይስ ቅጠል?»

«እንዴት ማለትዎ ነው?»

«ከተወለደ ጀምሮ ጎመን ብቻ ነው የበላ። ታዲያ ሰው በጾም ሳያውቅ ቢጎርሰው፣ ጎመን ጎረሰ ይባላል ወይስ…?»

«በትምህርቱ እንስሳ ነው ጋሼ» አለ አስማረና በቅሎውን ኮረኮረ። ደርበው ልጓሙን መልቀቁን ረስቶ እስከ ወንዙ ድረስ አብሮት ሄደ።

ጠርሙሱ ምሰሶው አጠገብ ተቀመጠ። ደጊቱ በወጣች በገባች ቁጥር «እንግዳህ ተነሣ?» ትለዋለች። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ከጨርቁ ሥር ግራጫዋ በራሪ ተንጠልጥላ ተገኘች፤ ግንዙም ከታች ባዶውን ቀርቷል። ደርበው ጠርሙሱን ከወዲያ ወዲህ አገላበጠው። ሌላ መግቢያ የለውም። ማንም አልገባ፣ ማንም አልወጣ። ጋቢውን አጣፍቶ ጠርሙሱን በጋቢው ውስጥ ይዞ ወደ ቤተ ክርስቲያን ገሠገሠ።

ቄስ ገብረ ማርያም ከዝግባው ሥር ተቀምጠው ነበር።

«አባ፣ ኃጢአት አለብኝ።»

«ተናገር።»

«ጃንጥላው ሳይገባ መንገድ ላይ ዘርግቼው ነበር።»

«ለምን ዘረጋኸው?»

«ዘነበ።»

«ሲዘንብ ጃንጥላን ሌላ ምን ያደርጉታል?»

«የሚካኤል እኮ ነው አባ። ፈረሱም አብሮ ነበር።»

«ለአንተ ሃያ አንድ ስግደት። ፈረሱን ተወው።»

ደርበው ከደረቱ አንድ ድንጋይ ተነሣለት፤ ሌላው ግን እንዳለ ነው። ጠርሙሱን አወጣና የአስማረን ነገር ከእንቁላሉ ጀምሮ ሊተርክ ሞከረ። ትሉን ከእንቁላሉ በፊት አመጣው፣ ክንፉን ለትሉ አበቀለለት፣ ተመልሶ አስተካከለው። «ራሱን በራሱ ነው የገነዘው ይላል፤ አልሞተም ይላል። እንደዚያ ከሆነ አባ፣ ጠበሉ ምን ሠራ?»

«ከረጨን በኋላ ትሉ ጎመንህን ሳይበላ ስንት ቀን ቆየ?»

«ሃያ ቀን ቢሆነው ነው።»

«ሃያ ቀን የጾመ ትል አይተህ ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«እኔም አላውቅም» አሉ ቄሱ፤ ጠርሙሱን ተቀብለው ወደ ብርሃኑ አንሥተው አዩት። «አራት መልክ ሰጥቶ የፈጠረው እሱ ያውቃል። ልጁ የነገረህም ሐሰት አይመስለኝም። አንተ ግን እዚህ ከእኔ ጋር ስትጨዋወት ትሉ ሥራ አልፈታም። ይልቅ ሄደህ ጎመንህን ልቀም።»

ደርበው ቤቱ ሲደርስ መደቡን ተላጭቶ አገኘው። ደጊቱ ከሁለት የጎረቤት ሴቶች ጋር ሆና የሚበላውን ቅጠል ሁሉ ቆርጣ፣ የማይረባውን ከነግንዙ እሳት ላይ ጥላዋለች። ደርበው እሳቱን አየው፤ አፉን ከፈተ፤ መልሶ ዘጋው።

«ልትናገር ነበር?» አለች።

«አይ።»

ቅጠሉ በገበቴ ውሃ ውስጥ ጨው ሟሙቶበት ተዘፈዘፈ። ትሎቹ እየተወራጩ ወደ ላይ ተንሳፈፉ፤ ሴቶቹ በወንፊት እየጨለፉ ደፉ። ይህ ሦስት ጊዜ ተደገመ። ከዚያ ደጊቱ ጎመኑን እንደ ትንባሆ አድቅቃ ከተፈችው።

«ቀዳዳው የት ሄደ?» አለ ደርበው ከተከተፈው ዘገን አድርጎ።

«ተከተፈ።»

«ትሉስ ቢቀር? አንዲት እንኳ ብትቀር?»

«ሦስት ጊዜ ታጥቧል።»

«አንዲት ብትቀር ነው የምልሽ። ልጁ እንስሳ ነው ብሏል። የአባቴ ተዝካር ላይ ካህናቱን በጾም ላስገድፋቸው ነው?»

«ታዲያ ጎመኑን እንተወዋ። ድንችና ሽሮ ይበቃል።»

ደርበው አሰበ። ድንችና ሽሮ የእሱ ነው፤ ጎመኑ ግን የአባቱ። በአባቱ ማዕድ ላይ ከአባቱ እጅ ምንም ሳይቀርብ ሊውል ነው። ቢቀርብ ደግሞ ኃጢአቱ የማን እንደሚሆን አያውቅም፤ የሱ፣ የደጊቱ፣ ወይስ ሃምሳ ጊዜ መልኩን የለወጠው የዚያ ትል።

«ይቅረብ» አለ በመጨረሻ፣ ልቡ ግን አልወሰነም።

ታኅሣሥ ሰባት ቀን ፍትሐቱ ሲያበቃ ሰዉ ዳስ ውስጥ ተቀመጠ፤ ካህናቱ ወደ ቤት ገቡ። አስማረም ከእንጅባራ መጥቶ ከበዛብህ ጎን ተሰይሟል። ጎመኑ ሲቀርብ ከዳሱ «የጋሼ አየነው እጅ ነው፣ ነፍሳቸውን ይማር» የሚል ድምፅ ተሰማ። ደርበው ይህን ነበር አርባ ቀን ሙሉ የጠበቀው፤ አሁን ሲሰማው ግን ደስታውን የሚቀበልበት ጊዜ አልነበረውም። ዓይኑ የሰዉን እጅ ይከተላል። አንዱ ሲያኝክ ቆም ያለ እንደሆነ የሱም ትንፋሽ ቆም ይላል። በዛብህ አንዴ ጉርሻውን ወደ ብርሃኑ አዙሮ ሲመረምር ደርበው ሊነጥቀው ወደሱ ተራመደ፤ በዛብህ ግን ቃሪያ ነበር የፈለገው።

ደርበው ከዳሱ ወጥቶ ወደ ቤት ገባ። ቤቱ መስኮት የለውምና በቀትርም ድንግዝግዝ ነው። ቄስ ገብረ ማርያም ጎመኑን በደንብ አድርገው እየጠቀለሉ ነው። ከጉርሻው ጫፍ አንዲት ቀጭን አረንጓዴ ነገር ብቅ ብላለች። ደርበው አያት፤ የጎመን ቅጠል አጥንት መሰለችው። ደግሞ አያት፤ የተነቃነቀች መሰለው። የሚነቃነቀው የቄሱ እጅ ይሁን እሷ መለየት አቃተው። ከምሰሶው ላይ ኩራዙን አውርዶ ቶሎ ለኰሰና ጎንበስ ብሎ ወደ እጃቸው አስጠጋው።

«አባ፣ ትንሽ ይቆዩ፤ ላብራልዎ» አለ።

ቄስ ገብረ ማርያም ጉርሻቸውን አፋቸው ውስጥ ከተው ሳይቸኩሉ አኘኩ፤ ዋጡም። ከዚያ የኩራዙን እሳት በእጃቸው ከለል አደረጉት።

«ልጄ፣ ዓይኔ ከደከመ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ከዚያ ወዲህ አንድም ጾም ገድፌ አላውቅም። ኩራዙን ለበዛብህ ውሰድለት።»